ቃልሽ ይህ ነው ወይ?

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ በወረዳችን አዳራሽ አንድ ረቂቅ ደንብ ለውይይት ቀረበ። ጉዳዩ የከብት መንጃና የእርሻ ማሳ ነበር። ረቂቁን ያመጣው ወጣት ገጹን ግድግዳው ላይ እያበራ አነበበልን። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ንባቡም ፈጣን ነው። ሲጨርስ «አስተያየት ያለው?» አለ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «መልካም ነው፤ ታስቦበት የመጣ ነው» አሉና ተቀመጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። ሻይ ተጠጣ። ከሻይ ስንመለስ ቃለ ጉባኤው ታትሞ ፊርማ ይጠብቅ ነበር።

ልጆቹ ክፉ ነገር አልሠሩም። ሥራ ይበዛባቸዋል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። እኔ ግን ከኋላ ተቀምጬ ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው አስታውሼ «አያ ታደገ ቢኖሩ እኒያን ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ነበር የሚያስነሷቸው» እያልሁ አስብ ነበርና ሆዴ ባባ። አብረውኝ ከሚሠሩት አንደኛዋ ዐይኔን አየችና «እማማ የሺ፣ ገና ሳይሄዱ ናፈቅንዎት?» ብላ ቀለደችብኝ። ከዚያ ደግሞ «በእናንተ ጊዜ ሕዝቡን እንዴት ነበር የምታወያዩት? ቁጭ ሲሉ ይጻፉልን» አለችኝ። ይኸው ቁጭ አልሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሰው የተናገረውን መጻፍ ኖሬበታለሁ፤ የራሴን ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የተወለድሁት ጭልጋ ነው። ወደ ቆላ የወረድሁት ባሌን ተከትዬ ነው፤ እሱ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር። አብደራፊ ነው የሚውለው፤ በዓመት ስምንት ወር ያህል ቤት አይገኝም። እኔ ከሸሕዲ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በምትርቅ የሰፋሪዎች መንደር ሦስት ልጆች ይዤ እኖር ነበር። ስጉ ነኝ፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ይነግራችኋል። ልጅ ካሳለ ወባ ነው፣ ዝም ካለ ወባ ነው፣ ብዙ ከሳቀም ነገ ሊታመም ነው እላለሁ። ያን ጊዜ በዚያ አገር ስጋቴ ከንቱ አልነበረም። ሁለተኛው ልጄ በአንድ ነሐሴ አንቀጥቅጦት ራሱን ሲስት፣ መኪና በማይገባበት ጭቃ ሸሕዲ ክሊኒክ ድረስ በጀርባዋ ያደረሰችው ጎረቤቴ ደብሬ ናት። እኔ ከኋላ እያለቀስሁ እከተል ነበር። «አታልቅሺ፣ እግርሽን ብቻ ተመልከቺ» ትለኛለች።

ደብሬ ባሏ የሞተባት፣ ለአረምና ለአጨዳ ለሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ምግብ እያበሰለች የምትኖር ሴት ነበረች። ይርጋ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። አንድ ብቻ። ይህን አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ አያ ታደገ ይባሉ ነበር። ቀድሞ የቆሎ ተማሪ ነበሩ ይባላል፤ ለምን ወደ በረሃ እንደወረዱ ግን ተናግረው አያውቁም። ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ የሚያግዛቸው ሰው ፈለጉና በመንደሩ ፊደል የቆጠሩትን ሴቶች ሰብስበው አንድ ወረቀት አስጻፉን። ያስጻፉን አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላበትን ነገር ነው፤ ራሱ ገበሬው ፊታችን ቆሞ ይናገራል። ሌሎቹ ሴቶች አሳምረው ጻፉ። እኔ ሰውየው እንደተንተባተበ፣ «እንትን» ያለበትን ሁሉ ሳልተው ጻፍሁ። አያ ታደገ አነበቡና «ይህችኛዋ ሰምታለች» አሉ። ሥራ ያዝሁ። መጀመሪያ ደመወዝ አልነበረውም፤ በኋላ ወረዳው ትንሽ ይከፍለኝ ጀመር።

የእሳቸውን አሠራር ልንገራችሁ፤ ዛሬ የሚናፍቀኝ እሱ ነውና።

አንድ እርሳስ ነበራቸው፤ በአንድ ጫፉ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ። በስብሰባ ማስታወሻቸው ላይ ሕዝቡ የተናገረውን በሰማያዊ፣ ሹሞቹ የተናገሩትን በቀይ ይጽፋሉ። ማታ ገጹን ዘርግተው ያዩታል። ቀዩ ከበዛ «ዛሬ ስብሰባ አላደረግንም፤ ስብከት ሰማን» ይሉና ሌላ ቀን ያስጠራሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በዚህ ይናደድ ነበር። «አያ ታደገ፣ በእርሳስ ሊያስገመግሙኝ ነው?» ይላቸዋል። «አንተን ማን ነካህ፤ እኔ ቀለም ነው የምቆጥር» ይላሉ።

ሽማግሌ መጀመሪያ አያስነሡም። በእኛ አገር ትልቅ ሰው አንዴ ከተናገረ ሌላው «እሳቸው ካሉት ወዲያ ምን አለኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምነው አይናገርም። ስለዚህ አያ ታደገ ከስብሰባው በፊት በየሽማግሌው ቤት ይዞሩና «አንቱ ማሰሪያውን ይሰጡናል፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይጠብቁን» ይላሉ። ሽማግሌው ይደሰታል። ከዚያ ከሴቶች ይጀምራሉ፣ ወደ ጎረምሶች ያልፋሉ፣ ሽበቱ መጨረሻ ነው።

ዝምታ አያስፈራቸውም። አንቀጹን አንብበው «እህሳ» ይሉና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ያጣጥፉታል። ሰው ካልተናገረ ይፈቱትና እንደገና ያጣጥፉታል። አንድ ቀን ከተሰብሳቢው አንዱ «ኧረ አንድ ሰው ይናገር፤ ነጠላቸውን ሊጨርሱት ነው» ብሎ ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ተናገርን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። አንቀጹን ካነበቡ በኋላ «ገባህ?» አይሉም። «በበሬህ አድርገህ ንገረኝ» ይላሉ። ሕጉ ስለ ውል ከሆነ፣ በሬህን ለጎረቤትህ ብታውሰው ይህ ሕግ ምን ይላል? ስለ ካሣ ከሆነ፣ በሬህ የሰው ሰሊጥ ቢገባ ምን ይልሃል? በበሬው መናገር የቻለ ሰው ሰምቷል። ያልቻለ አልሰማም፤ እንደገና ይነበብለታል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተናጋሪ ወደ ጸሐፊዋ ይመጣል፤ የተጻፈው ይነበብለታል፤ «ቃልህ ይህ ነው ወይ?» ይባላል። አዎ ካለ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከቃሉ ጎን ያሳርፋል። ወረቀቱ ከሥሩ በካርቦን ሁለት ቅጂ አለው፤ ጣቱ በሁሉም ላይ ያርፋል፤ አንዱ ከማኅበሩ ሣጥን አይወጣም። በዚያ ሙቀት ክንዴ እያላበው ጽሑፉን ያበላሽብኝ ነበርና ከእጄ ሥር ጨርቅ አነጥፍ ነበር።

ትልቁ ሥራ የመጣው የደርግ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት በተበተነ ጊዜ ነው። ክረምት ነበር፤ ሰሊጡና ማሽላው የሚታረምበት። መመሪያው የማኅበሩ አባላት ይወያዩ የሚል ነበር። የቀን ሠራተኞች ደግሞ አባል አይደሉም፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከላይ ጎንደር ለሁለት ሦስት ወር የወረዱ ናቸው። አያ ታደገ ሊቀመንበሩን «ሕጉ ሲወጣ እነዚህን ዘሏቸው ያልፋል?» ብለው ጠየቁት። «አያልፍም» አለ። «እንግዲያስ ይጠየቁ» አሉ።

በምሳ ዕረፍት ወደ ማሳቸው ሄድን። ራኩባ ሥር፣ ማለት በአራት እንጨት በቆመች የሣር ጥላ ሥር፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተጋድመዋል። አያ ታደገ ስለ ዕረፍት መብት የሚናገረውን ቦታ አነበቡላቸው። አንድ ጎጃሜ ተጋድሞ እንዳለ ሰማና ቀስ ብሎ ተነሣ።

«አያ፣ ይኸ ዕረፍት የሚባለው ለኛም ነው?»

«ለሠራተኛ ሁሉ ይላል።»

«እህ። ለአረሙስ ማን ይንገረው? እኔ ሳርፍ እሱ አያርፍም እኮ።»

ከወዲያ አንድ ወሎየ «እሱ እንደሁ ሳይጻፍለትም ሲያርፍ ነው የሚውል፤ አረሙ ነው የሚደክም» አለ። ሳቁ ጋብ ሲል ያው ጎጃሜ ቁም ነገሩን ተናገረ፦ ዕረፍት ብሎ የሚጽፍ ሰው የታመመ ሠራተኛ ከማሳ ሲባረር ማን እንደሚያሳክመው ይጻፍ። ጻፍሁት። ሳነብለት «እንዲህ አምሮ ነው ያልሁ?» አለና ጣቱን አሳረፈ።

ስለ ጋብቻ በተነበበ ቀንም ቀልድ ነበር። ደጋ አንድ ቆላ አንድ ሚስት ያለው ገበሬ ተነሥቶ «ለአንድ ወንድ አንዲት ሴት ከተባለ የቱን ልተው ነው፤ ደጋ ያለችዋን ወይስ እዚህ ያለችዋን?» አለ። እዚህ ያለችው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበርና «አትጨነቅ፣ ሁለታችን ተመካክረን እንተውሃለን» አለችው። ይህንንም ጻፍሁ። አያ ታደገ «የእሷም ቃል ነው፤ አታስቀሪው» አሉኝ።

እንዲህ እያልን ወደ ግዴታዎች ደረስን። ስለ አገር መከላከልና ስለ ውትድርና የሚነበብበት ቀን አያ ታደገን ወባ ጣላቸው። ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጥቶ ነበር፤ እሱ አነበበ፣ እኔ ብቻዬን እጽፋለሁ። የበኩር ልጄ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቁመቱ ግን ከዕድሜው በልጦ ነበር። ማኅበራችን ለብሔራዊ ውትድርና በየጊዜው ኮታ ይመጣበታል፤ ስንት ልጅ እንደሚሰጥ ቁጥር ይወርዳል። ያን አንቀጽ ሲያነብ የማስበው የልጄን ቁመት ነበር።

ወንዶቹ «አገር ይጠበቅ» እያሉ ተናገሩ። ካድሬው ሊዘጋው ሲል ደብሬ ተነሣች። እንደ ወትሮዋ ዱቄት የነካው ቀሚስ ለብሳለች።

«አገር ይጠበቅ፤ እኔም የምኖር ድንበር ላይ ነው። ሁለት ያላት እናት አንዱን ትስጥ፣ ሦስት ያላትም ትስጥ። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ግን አይወሰድባት ተብሎ በሕጉ ይጻፍ። እሱን ከሰጠች ምን ይዛ አገር አለኝ ትላለች?»

ካድሬው ወጣት ነበር፤ ትንኝ ከአንገቱ ላይ እየመታ «ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ተቃውሞ?» አላት።

«ቃል ነው» አለች ደብሬ። «ቃል ስጡ ስላላችሁ ነው የሰጠሁ።»

ብዙ አብራራ። ስለ አብዮቱ፣ ስለ ዳር ድንበር፣ ስለ ጀግኖች እናቶች ተናገረ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ስሟን ይዘሻል?» አለኝ። «ይዣለሁ» አልሁ። ለሌሎቹም ተናጋሪዎች እንደዚሁ ሲጠይቀኝ እንደዋለ ያስታወስሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ስለ እሷ ብቻ የጠየቀኝ መሰለኝ። ይህን ስም ከዚህ ቃል ጋር ብጽፈው መጀመሪያ የሚወሰደው ይርጋ ነው አልሁ። ጸሐፊዋስ ማን ናት ሲባል፣ የእኔ ልጅም ቁመቱ ይታያል አልሁ።

ማንም አላዘዘኝም። ያን ማለት አለብኝ። ካድሬው አላዘዘኝም፣ ሊቀመንበሩም አላዘዘኝም። ከአውራጃ በሚመጡ ወረቀቶች ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ዐረፍተ ነገር ራሴ አመጣሁትና ጻፍሁ፦ «ብሔራዊ ውትድርናን በተመለከተ ከአንዲት ተሰብሳቢ ጥያቄ ቀርቦ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል።» ስም የለውም፤ ቃሏም የለም።

ስብሰባው ሲበተን ተናጋሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። ደብሬ ከጎኔ ቁጭ አለች። ማንበብ አትችልም። ጣቴን በመሥመሩ ላይ እየሄድሁ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ የራሷን ቃል፣ ከአእምሮዬ አነበብሁላት። ሁለት ያላት እናት፣ ሦስት ያላት፣ አንድ ብቻ ያላት። አንድም ሳላጎድል አልሁት።

«ቃልሽ ይህ ነው ወይ?» አልኋት።

«ቃሌ ነው። አንዲት አላጎደልሽም፣ የሽዬ» አለችና ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች።

አያ ታደገ ሲሻላቸው ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል። እንዴት ነበር ሲሉኝ «ደህና ነበር» አልኋቸው። ለሰው መልካም የሠራሁ መስሎኝ አንድ ሰሞን እንቅልፌ ጥሩ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው አፉን ከፍቶ ከመርገፉ በፊት ታጭዶ መታሰር አለበት። ሁሉም ማሳ ላይ በዋለበት በዚያ ሰሞን አዲስ ኮታ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከእኛ መንደር ሱዳን ቅርብ ናት። እናቶች ልጆቻቸውን ለሥራ ነው እያሉ ማዶ ማሻገር ጀመሩ። ደብሬን ወፍጮ ቤት አገኘኋት።

«ይርጋን አታሻግሪውም?» አልኋት።

«ለምን አሻግረዋለሁ? ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አዲስ አበባ ገብቷል። የሚሉትን እስኪሉ እጠብቃለሁ። ልጄ ኮብላይ ከሚባልብኝ እዚሁ ሰሊጡን ይጨድ።»

አፌን ከፈትሁ። ወፍጮው ይጮሃል፤ ሰው ሁሉ በዱቄት ነጭ ሆኖ ተሰልፏል። «ለሁሉም ተጠንቀቂ እንጂ» ብቻ አልሁ።

ሳቀችብኝ። «አንቺ መቼም ስጋት አይለቅሽ» አለችኝ።

በአምስተኛው ቀን ይርጋን ከማሳ ወሰዱት። የሰሊጥ ነዶ እያሰረ ነበር።

ደብሬ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጣች። ፀጉሯ ላይ የሰሊጥ ገለባ አለ። አልጮኸችም። ሊቀመንበሩን፣ አያ ታደገንና እኔን በተራ አየችንና «ቅጂውን አውጡልኝ፤ ለሊቀመንበሩ ይነበብለት። ቃሌ ተመዝግቧል፤ የሺ ጽፋዋለች» አለች።

አያ ታደገ ሣጥኑን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ። ቦታውን አገኙት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የደብሬ ቃል የት ነው?»

«አልጻፍሁትም» አልሁ።

«አንብበሽልኛል እኮ» አለች ደብሬ።

«ከአእምሮዬ ነው ያነበብሁልሽ። ወረቀቱ ላይ አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ ወደ ውጭ ወጣ። ደብሬ የጣቷን ምልክት አየችው፤ ከማታውቀው ጽሑፍ ጎን ተቀምጧል።

«ለኔ ፈርተሽ ነው?»

«ላንቺም፣ ለልጆቼም።»

«እኔ ብፈራ ዝም እል ነበር» አለች። «ዝም ማለት ጠፍቶኝ ነው የተናገርሁ? ቃሌ የለም ብትይኝ ልጄን አሻግረው ነበር።» ተነሥታ ሄደች።

እኔ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ። አያ ታደገ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ብትጽፊው ኖሮ ላይሰሟት ይችሉ ነበር» አሉኝ። «እሱ የእነሱ ጥፋት በሆነ ነበር። አሁን የአንቺ ሆነ።» ከዚያ ንጹሕ ወረቀት አመጡ፤ ተጨማሪ ቃለ ጉባኤ የሚል ርእስ አስጻፉኝና የደብሬን ቃል እንዳለችው ጻፍሁት። ከሥሩ ያጎደልሁት እኔ እንደሆንሁም አስጻፉኝ። በማግሥቱ አብረን በእግር ሸሕዲ ገባን። የተቀበለን ሰው ትሑት ነበር፤ «አባቴ፣ ውይይቱ ተዘግቷል፤ ማጠቃለያው ከሄደ ቆየ» አላቸው። «ይሁን፣ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ» አሉት። አስቀመጠው። ወረቀቱ ግን ልጁን አላስመለሰም።

ስንመለስ አያ ታደገ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ እንዲያባርሩኝም እፈልግ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ወረቀቱንና እርሳሱን ወደ እኔ ገፉት። «እርስዎ ይጻፉ» አልኋቸው። «አንቺ ነሽ ጸሐፊዋ» አሉኝ። ሁለት ክረምት እንኳን ሳይሞላ ሞቱ። ዛሬም ስብሰባ ላይ ሰው ዝም ሲል ነጠላ የሚያጣጥፍ እጅ በዐይኔ እፈልጋለሁ።

ደብሬ ከእኔ ጋር አልተጣላችም። ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ «የሽዬ» ማለቱን ግን ተወችው። አጨዳው እንዳለቀ ዕቃዋን ሰብስባ ወንድሟ ወዳለበት ወደ ቋራ ሄደች። የሄደች ቀን ልጄን በጀርባዋ የተሸከመችበት መንገድ ዳር ቆሜ አየኋት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ እኔ የወረዳው ተቀጣሪ ሆኜ ለአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ውይይት ቋራ ውስጥ ወዳለችው ገለጉ ተላክሁ። ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር። ስብሰባው ላይ ከሴቶቹ መካከል ደብሬን አየኋት። ከስታለች። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ «ባል የሌላት ሴትም በራሷ ስም አባል ትሁን ተብሎ ይጻፍ» አለች። ጻፍሁ።

መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጣች። ላነብላት ወረቀቱን ሳነሣ እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ» አለች።

ጎኗ የነበረች ሴት «በመሠረተ ትምህርት ከፊት ረድፍ የሚቀድማት የለም» አለችኝ። ደብሬ ጣቷን ከመሥመሩ ሥር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከኋላዋ የተሰለፉት ዝም ብለው ጠበቁ፤ አንድም ሰው ፍጠኚ አላላትም።

«እዚህ ላይ ‹እንዲታሰብበት ጠይቀዋል› ብለሻል» አለችኝ። «እኔ ይጻፍ ነው ያልሁ።»

እውነቷን ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላም እጄ የሰውን ቃል ማለስለሱን አልተወም ነበር። ሰረዝሁትና «ይጻፍ» ብዬ ጻፍሁ። እንደገና አነበበችው። ከዚያ በጣቷ ፈንታ ስሟን ጻፈች፤ ሦስት ፊደል፣ ትልልቅ፣ ከመሥመሩ የወጡ።

ተነሥታ ስታበቃ አልሄደችም። «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው» አልሁ።

ቆመች። «ያንቺስ?» እስክላት እንደጠበቀች አውቃለሁ። ሞቷል ብትለኝስ? ከወሰዱት ወዲህ ወሬው የለም ብትለኝስ? ወረቀቶቼን ማስተካከል ጀመርሁ። ትንሽ ጠበቀችኝና «በይ ደህና ግቢ» ብላ ሄደች።

ይርጋ ተመልሶ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባለፈው ዘመን ሁሉ ከገለጉ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጡ ነበር የምጠይቀው። ሥራ ሲበዛብኝ፣ ልጆች ሲያድጉ፣ ዓመቱ እንዲሁ ሄደ። የሰውን ቃል ስጽፍ ኖሬ አንዲት ሴት ልትነግረኝ የፈለገችውን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሹፌር ደብሬ በሕይወት እንዳለች፣ ገለጉም እንደምትኖር ነገረኝ። ስለ ልጇ ሊቀጥል ሲል አስቆምሁት። ከእሱ መስማት አልፈለግሁም። ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው እሄዳለሁ ብዬ ለልጆቼ ተናግሬያለሁ፤ በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሠሪ ነው ይሉኛል። ሰው ልጠይቅ ነው እላቸዋለሁ። ቤቷ ገብቼ፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ «ደብሬ፣ ይርጋስ?» እላታለሁ። የምትለውን እስክትጨርስ እሰማታለሁ።